ልጇን ታቅፋ ክሯን ለናፈቀችው እናት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሐዋሳ ነው። ረጅም ስለነበር ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚጠቁመውንም አውጥቼዋለሁ።

«ሰላም እህቴ፣ እንደምን ነሽ? የ28 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 3 ወር ከ10 ቀን ሆነኝ። ከመውለዴ በፊት ኪሮሽ እሠራ ነበር፤ የሶፋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል፣ የሕፃናት ሹራብ እየሠራሁ በቴሌግራም እሸጥ ነበር። ሀብታም አላደረገኝም፣ ግን የራሴ ነበር። እርጉዝ ሆኜ ለልጄ ብርድ ልብስ ጀመርኩ፣ ግማሹ ላይ ስደርስ ምጥ መጣ። እስከ ዛሬ ኪሮሹ እንደተሰካበት ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና አስነሳናት፣ እናቴም ወደ ሶዶ ተመለሰች። አሁን ቀን ቀን ቤት ያለነው እኔ፣ ልጄና አማቴ ነን። ባለቤቴ የሚገባው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ክሩን ባነሳሁ ቁጥር አማቴ ‹አራስ ዓይኗን አታደክምም፣ ተይው ይደርሳል› ይሉኛል። ባለቤቴም ‹ማን ሥሪ አለሽ፣ ዕረፊ› ይለኛል። በደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከሁለት ደንበኞች ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ከአንዷ 1,500፣ ከአንዷ 800 ብር፣ ገንዘቡም ለወሊድ ዕቃ ወጥቷል። ስልኬ ሲጠራ ልቤ ይደነግጣል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ልጃቸውን አዝለው ሙሉ ቀን ሲሠሩ የሚውሉ እናቶች አያለሁ። አንዳንድ ቀን የክሩን ቅርጫት ሳየው እንባዬ ይመጣል። ልጄን በጣም እወዳታለሁ። ግን እኔ የት ሄድኩ? ራስ ወዳድ ሆኜ ነው? ሳልረሳው ደግሞ፣ ለልጄ ኮፍያ ብሠራላት ልኩን ስንት ላድርገው? ጭንቅላቷ በየቀኑ ያደገ ይመስለኛል።»

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽም ትደግልሽ።

ራስ ወዳድ አይደለሽም። ይህን ከሁሉ ቀድሜ የምነግርሽ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽ እሱ መስሎ ስለታየኝ ነው። የናፈቀሽም ክር ብቻ አይመስለኝም። የናፈቀሽ አንድ ነገር ሠርቶ ሲያልቅ ማየት ነው።

እስቲ አስቢው። ጡት ታጠቢያታለሽ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይርባታል። ገላዋን ታጥቢያታለሽ፣ ገና ልብሷን ሳታስተካክዪ ያስመልሳታል። ጨርቋን አጥበሽ ታሰጫለሽ፣ እሱ ሳይደርቅ ሌላ ይከመራል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ሳትዪ ውለሽ ማታ ላይ «ይኸው ይህን ሠራሁ» ብለሽ የምታሳዪው ነገር የለሽም። ሥራው ስለሌለ አይደለም፣ የሕፃን ሥራ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር ስላልሆነ ነው። ኪሮሽ ግን ዛሬ የሠራሻት አንዲት ረድፍ ነገ ጠዋት ስትነሺ እዚያው ናት። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለተኛ ልጄን ወልጄ፣ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ አንዲት ትንሽ የጥልፍ አበባ ጨርሼ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኳት በኋላ ነው። ልጄን እያስገሳሁ በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ። ያቺ አበባ ማንንም አልጠቀመችም። እኔን ግን አቆመችኝ።

ደግሞ ጊዜውም ከባድ ነው። ሰው የመጀመሪያው ወር ነው የሚከብደው ይላል፣ እኔ ግን ለብዙ እናቶች ከክርስትናው ማግስት ያለው ጊዜ የባሰ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ ቤቱ ሰው ነው፣ ገንፎ ነው፣ አጥሚት ነው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ከዚያ እንግዳው ይሄዳል፣ እናትሽ አገሯ ትገባለች፣ ድስቱ ይታጠባል፣ አንቺና ልጅሽ ትቀራላችሁ። እንባሽ በዚህ ሰሞን መብዛቱ አይገርመኝም።

ግን ስለ እንባው አንድ ነገር ልጠይቅሽና በእውነት መልሺልኝ። የሚመጣው ቅርጫቱን ስታዪ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ጊዜም? ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይለቃል። አንቺ ግን 3 ወር አልፎሻል። ልጅሽ ተኝታም እንቅልፍ እምቢ የሚልሽ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ልጅሽን አቅፈሽ ምንም የማይሰማሽ ቀን ከበዛ፣ ወይም ጠዋት ስትነሺ ቀኑ ገና ሳይጀመር የሚጨልምብሽ ከሆነ ይህ በክር የሚድን ነገር አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይባላል፣ ሕክምናም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደኛ ባሉ ታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ ዋነኛውም ድብርት ነው። ብቻሽን አይደለሽም ማለቴ ነው። የልጅሽ የ14ኛ ሳምንት ክትባት ደግሞ ልክ አሁን ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ነርሷ ልጅሽን መዝና፣ ወግታ፣ ካርዱ ላይ ጽፋ «ቀጣይ» ልትል ትችላለች። ሰልፉ ረጅም ነው። አንቺው ቀድመሽ «እኔም ደህና አይደለሁም» በያት። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ ግን ክትባትም ቀጠሮም አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ከባለቤትሽ ጋር ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሂጂ።

እንባው ቅርጫቱ ጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ ቅርጫቱ እንሂድ።

መጀመሪያ ዕዳውን እናውርደው፣ ምክንያቱም ቀብድ ተቀብለሽ ሳትሠሪ ከቀረሽ የክሩ ቅርጫት የደስታ ሳይሆን የጥፋተኝነት ዕቃ ይሆንብሻል፣ አሁንም የሆነው ይህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አንቺ አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራስሽ ስለሆንሽ ፈቃድ የሚፈርምልሽ አልነበረም። ስለዚህ 3 ወር ሙሉ ሥራውንም አልሠራሽም፣ ዕረፍቱንም አላረፍሽም፣ ስትሳቀቂ ቆየሽ። በጣም አዝኜልሻለሁ።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ለሁለቱም ደንበኞች ዛሬውኑ ጻፊላቸው። አትደውዪ፣ ስልክ ላይ ትርበተበቻለሽ። እንዲህ በያቸው፦ «ሰላም እህቴ፣ ወልጄ አራስ ስለነበርኩ ትዕዛዝሽ ዘግይቷል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራውን በዚህ ቀን አስረክብሻለሁ። መጠበቅ ካልተመቸሽ ግን ንገሪኝ፣ ቀብዱን በሁለት ጊዜ ከፍዬ እመልስልሻለሁ።» ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊ። ልብሽ «በሦስት ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ካለሽ ስድስት ሳምንት ብለሽ ጻፊ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው የሚጠፋው። እኔ የማውቃቸው የእጅ ሥራ ደንበኞች መዘግየቱን ሳይሆን ዝምታውን ነው የሚጠሉት። አብዛኞቹም ራሳቸው እናቶች ናቸው። ሁለቱም እጠብቃለሁ ካሉ የ800 ብሩን ቀድመሽ ጨርሺ። ትንሹ ሲወርድ ትከሻሽ ይቀልላል፣ ለትልቁም ጉልበት ታገኛለሽ።

ከእነዚህ በኋላ ደግሞ ልጅሽ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ቀብድ አትቀበዪ። መጀመሪያ ሥሪ፣ ሲያልቅ ፎቶ አንሺና ሽጪ። ገንዘቡ ያንሳል፣ አውቃለሁ። ግን ያለቀ ዕቃ የምትሸጥ እናት ስልኳ ሲጠራ አትደነግጥም። ዋጋ ስትተምኚም የክሩን ብቻ አታስቢ፣ የፈጀብሽንም ሰዓት ጨምሪ። ብዙዎቻችን የክር ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረን እየሸጥን ጉልበታችንን በነፃ ስንሰጥ ኖረናል፣ ይህ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ግማሹ ብርድ ልብስ። እኔ አንቺን ብሆን አልጨርሰውም። እዚያው በደረሰበት እዘጋዋለሁ። ዳር ዳሩን አንድ ዙር ዙሪው፣ ጠርዙን አሳምሪው፣ ክሩን ቁረጪና አበቃ። ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር ይዘሻት ስትወጪ እግሯ ላይ ጣል የምታደርጊላት ትንሽ ብርድ ልብስ ይሆናል። የዛሬ አራት ወር፣ ሆድሽ ገፍቶ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ የጀመርሽው ነው። ያኔ የነበረሽ ጊዜ ሌላ፣ አሁን ያለሽ ጊዜ ሌላ ነው። ያንን ትልቅ ሥራ በዛሬዎቹ ትንንሽ ደቂቃዎች ልጨርስ ካልሽ ኪሮሹ እንደተሰካ ልጅሽ ትምህርት ቤት ትገባለች።

እሱን ከዘጋሽ በኋላ ሌላ ነገር ጀምሪ፣ ግን ለልጅሽ አይሁን። ለራስሽ ይሁን። ይህን ስል አንዳንድ አንባቢዎች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ግን አስተውዪ፣ ከወለድሽ ጀምሮ እጅሽ የነካው ሁሉ የእሷ ነው። አንዲት ነገር ያንቺ ትሁን። እኔ የምመክርሽ በካሬ በካሬ የሚሠራ የትከሻ ቦርሳ ነው። ወደ 13 ካሬ ይበቃዋል። አንዷ ካሬ እጅሽ ለለመደው ሥራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ናት። በሁለት ቀን አንድ ብትሠሪ እንኳ በአንድ ወር ውስጥ ካሬዎቹ ያልቃሉ፣ ከዚያ ማያያዝ ነው። የካሬ ጥሩነቱ ደግሞ አንዷ ስታልቅ በራሷ ያለቀች ነገር መሆኗ ነው። ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጫታለሽ፣ ታያታለሽ።

ኪሮሽ ከሌላው የእጅ ሥራ ይልቅ ለእናት ይመቻል የምለውም በምክንያት ነው። በማንኛውም ጊዜ ክፍት የምትሆነው ቀለበት አንዲት ብቻ ናት። ልጅሽ ስታለቅስ ቀለበቷን ሳብ አድርገሽ ታስረዝሚያታለሽ፣ ኪሮሹን ትነቅዪና ትሄጃለሽ፣ ስትመለሺ እዚያው ትጠብቅሻለች። በሁለት መርፌ የሚሠራው ሹራብ ግን መርፌው ላይ ያሉት ቀለበቶች በሙሉ ክፍት ስለሆኑ አንዴ ከሾለኩ የታችኛውን ሁሉ ይዘው ይወርዳሉ። ጥልፍና የመሶብ ስፌት አቋርጠሽ ልትነሺ ትችያለሽ፣ ነገር ግን መርፌና ወስፌ ሹል ናቸው፣ ስፌቱም የራሰ አክርማና ስንደዶ ይፈልጋል፣ ተዘርግቶ ነው የሚሠራው። ለጊዜው ይቆዩ። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ከሄድሽ ዓሣ አስጋሪዎቹ አባ ኮዳ በሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች መሐል ተቀምጠው መረባቸውን ሲጠግኑ ታያለሽ። ሰው ሲጠራቸው ጣል አድርገውት ይነሳሉ፣ ተመልሰው ካቆሙበት ቀዳዳ ይቀጥላሉ። አንቺም የሚያስፈልግሽ እንደዚያ ያለ ሥራ ነው።

ክር ስትገዢ ለሐዋሳ ሙቀት ጥጥ ይሻልሻል። ገበያ ላይ ብዙው ክር ምን እንደሆነ አልተጻፈበትም፣ ሻጩም አያውቅም። ጫፉን ቆርጠሽ እሳት አስነኪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። አክሪሊክ ግን ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ይሠራል። የሚቀልጠው ላብ አይመጥም፣ ከሰል አጠገብም ለሕፃን ልብስ አደጋ ነው። ለቦርሳሽ ግድ የለም፣ ለልጅሽ ልብስ ግን ጥጡን ምረጪ። ሙከራውን ስትሠሪ ልጅሽ አጠገብሽ አትሁን፣ ጭሱ ይሸታል።

እጅሽንም አትርሺ። አውራ ጣትሽ ሥር፣ የእጅ አንጓሽ ጋ፣ ልጅሽን ስታነሺ የሚወጋ ሕመም አለሽ? ሕፃን ደጋግሞ በማንሳት የሚመጣ የጅማት ሕመም ነው፣ ብዙ አዲስ እናቶች ይይዛቸዋል። ቀጭኑ የዳንቴል ኪሮሽ ያባብሰዋል። ለጥቂት ወር ወፍራሙን፣ የ4 ወይም የ5 ሚሊ ሜትሩን ያዢ፣ ክሩም ወፈር ይበል። ሥራውም ቶሎ ይታይልሻል። ሕመሙ ካለ ግን ኪሮሹን አስቀምጪውና ታከሚ፣ ያኔ እንኳን አማትሽ እኔም ተይው እልሻለሁ።

ሰዓቱስ? «ልጅ ሲተኛ ተኚ» የሚለውን ምክር እኔ እደግፈዋለሁ፣ ግን ልጅ በተኛ ቁጥር መተኛት አይቻልም። እኔ የምልሽ፣ የቀኑን የመጀመሪያ እንቅልፏን አብረሻት ተኚ። ከሰዓት በኋላ ከሚመጡት አንዷን ለክርሽ አድርጊ። ሳህን አትጠቢባት፣ ስልክ አትክፈቺባት። ሌሊቱን ሙሉ ስታስጮህሽ ያደረች ከሆነ ግን ያቺም ለእንቅልፍ ትሁን። ክር አይበላሽም።

ስለ አማትሽ ደግሞ በጥንቃቄ ላውራ፣ ምክንያቱም አብራችሁ ስለምትኖሩ። ዓይን በእጅ ሥራ አይጠፋም። በደብዛዛ ብርሃን ግን ይደክማል፣ ራስም ያማል፤ ስለዚህ እሳቸው ያሉት ውስጥ እውነት አለ። ያሰቡትም ላንቺ ነው። አትከራከሪያቸው፣ በድብቅም አትሥሪ። በድብቅ የምትሠራ ምራት ሲደረስባት ነገሩ የክር ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የመናናቅ ጉዳይ ይሆናል። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ በዪና «እማማ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ምን ይሠሩ ነበር? ጥጥ ይፈትሉ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ እናቶች እንዝርት ይዘው ነው ያደጉት። አራት ድርብ ሆኖ የሚለበሰው ጋቢ ከሸማኔው በፊት በእናቶች ጣት ያልፍ ነበር፣ ጥጡ ተዳምጦ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ልቃቂት በልቃቂት ተጠራቅሞ ነው ሸማኔ ጋ የሚደርሰው። ያንንም የሚሠሩት ልጅ እያሳደጉ ነው እንጂ ልጅ ስለሌላቸው አልነበረም። ይህን ግን አንቺ አትንገሪያቸው፣ ራሳቸው ያስታውሱት። ምናልባት «አምጪ እስቲ ባዘቶ» ይሉሽ ይሆናል። ያኔ ሁለታችሁም እጃችሁ ሥራ ላይ ሆኖ ትቀመጣላችሁ። ልጅቷም መሐል ተኝታ እንዝርቱ ሲሾር ታያለች።

ጠይቀሽያቸው ምንም የእጅ ሥራ የማያውቁ ከሆነም ችግር የለውም። «እማማ፣ እስቲ ለ20 ደቂቃ ይያዙልኝ፣ ይህችን ካሬ ልጨርስ» በያቸው። ግልጽና አጭር ልመና፣ ከነመጨረሻው። ሰው «ትንሽ ያዙልኝ» ሲባል መቼ እንደሚያበቃ ስለማያውቅ ይፈራል።

ባለቤትሽን በተመለከተ «ዕረፊ» ማለቱ መልካም ነው፣ ግን ዕረፍት በቃል አይገኝም፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል። ያው አዋጅ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ አባት ልጁን ማስገሳትንም በቅጡ አይለምድም። አሁን ይልመድ። ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት እሷን ይያዝ፣ አንቺ ሌላ ክፍል ግቢ። ሌላ ክፍል ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። አጠገቧ ከሆንሽ ጡትሽን ትፈልጋለች፣ እሱም ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ «እንቺ፣ ርቧት ነው» ይልሻል። ስታለቅስ በሩን ከፍተሽ አትሩጪ። የሚያባብልበትን የራሱን መንገድ ያገኛል፣ እሹሩሩ ማለት ለእናት ብቻ የተሰጠ አይደለም። «ማን ሥሪ አለሽ» ሲልሽም በእርጋታ «ማንም አላለኝም፣ እኔ ነኝ የምፈልገው» በዪው። ባሎች ብዙ ጊዜ ሥራውን እንደ ሸክም ስለሚያዩት ነው ከእጅሽ ሊያወርዱልሽ የሚሞክሩት። ሸክም እንዳልሆነ ካልነገርሽው ከየት ያውቃል?

አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ፣ የራሴ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አምስት ወሩ ሳለ መብራት ጠፍቶ በሻማ ጥልፍ እሠራ ነበር፣ አልጋ ላይ፣ እሱ አጠገቤ ተኝቶ። አለቀሰ፣ ጥልፉን ጣል አድርጌ አነሳሁት። ስመለስ መርፌዋ የለችም። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ልብሱን፣ የራሴን ቀሚስ ሳራግፍ አደርኩ። ያገኘኋት ሲነጋ ነው፣ የእሱ ትራስ ስፌት ውስጥ ተሰክታ። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ በተኛበት አልጋ ላይ መርፌ አልያዝኩም። መርፌዎቼን በቁጥር አውጥቼ በቁጥር እመልሳለሁ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከታች ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አስቀምጬ።

ስለዚህ አንቺም ኪሮሹን ወንበር ላይ ሆነሽ ሥሪ፣ የክር ጫፍ የምትሰፊበትን መርፌ ደግሞ ልጅሽ ሌላ ሰው እጅ ላይ ስትሆን ብቻ አውጪው። የተቆረጠ ክር መሬት ላይ አትተዪ። ቀጭን ክር ወይም የራስሽ ፀጉር የሕፃን ጣት ላይ ከተጠመጠመ ደም ያቆማል። ያለምክንያት አልቅሳ እምቢ ስትልሽ ካልሲዋን አውልቀሽ የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ እያቸው። አሻንጉሊት ከሠራሽ ዓይኑን በቁልፍ አታድርጊ፣ በክር ጥለፊው። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሕፃን ሊያንቅ ይችላል። አሁን ገና አትድህም። ጥቂት ወራት ቆይታ ስትድህ ግን ቅርጫቱ ቁም ሣጥን ላይ መውጣት አለበት። አየሽ፣ «ይደርሳል» የሚሉሽ ሰዎች ያላሰቡት ይህንን ነው። ለእጅ ሥራ የሚመቸው ከመዳኋ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

ቲክቶክ ላይ ያሉትን እናቶች ተያቸው። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው ያየሽው፣ የቀሩትን ሰዓታት ማን ልጅ እንደያዘላቸው አላየሽም። ለአንድ ወር ያህል እንዳይመጡብሽ አድርጊ፣ ሥርዓተ ጥለት መፈለግ ካማረሽ የራስሽን የድሮ ሥራዎች ፎቶ ክፈቺ።

የኮፍያውን ጥያቄሽን አልረሳሁም። ልኩን ከእኔ ሳይሆን ከእሷ ውሰጂ። የልብስ መለኪያ ሜትር ከቅንድቧ ከፍ አድርገሽ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ኋላ ጎላ ባለው የራሷ ክፍል አዙሪው። በ3 ወር ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በ6 ወር ወደ 43፣ ዓመት ሲሞላ ወደ 46። እውነትሽን ነው፣ እያደገ ነው። ስለዚህ ለ6 ወሯ አድርገሽ ሥሪላት። ኪሮሽ ስለሚለጠጥ ደግሞ ከጭንቅላቷ ልክ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳንሺው፣ 41 ቢሆን በቂ ነው። ማሰሪያ ገመድ አታድርጊበት፣ አንገቷ ላይ ይጠመጠማል። ስትወጡ አድርጊላት፣ ቤት ውስጥ ስትተኛ ግን አውልቂላት፣ ሕፃን ሲሞቀው ሙቀቱን በጭንቅላቱም በኩል ነው የሚያወጣው፣ ኮፍያው ዓይኗና አፍንጫዋ ላይም ሊወርድ ይችላል። ብርድ ልብሱም እንዲሁ፣ ነቅታ እቅፍሽ ውስጥ ስትሆን እንጂ ብቻዋን ስትተኛ አታልብሻት። ቀለሙን አንቺ ምረጪ። ቦርሳሽን ስትሠሪ የሚተርፈው ክር ለኮፍያው ይበቃል።